አራተኛው ቦታ

ጓድ ክንዱ ከጤና ጣቢያው ሰው ይመደብልኝ ብሎ የጠየቀው አዝኖ አልነበረም። ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ መመርመሪያ በሆነው፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ አጠገብ ባለው ቪላ ውስጥ፣ በአንድ ወር ሁለት እስረኞች ምንም ሳይናገሩ ሞተውበታል። ከበላይ የመጣችው የተግሣጽ ደብዳቤ አጭር ነበረች፦ ሳይናገር የሞተ እስረኛ ለአብዮቱ ኪሳራ ነው፤ ጥፋቱም የመርማሪው ነው። ክንዱ ደብዳቤዋን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተታትና በማግሥቱ ቁስል የሚያጥብ የጤና ረዳት፣ ድሬሰር፣ ጠየቀ። ሥራው ቀላል ነው፤ የተገረፈውን ሰው ትርታ ቆጥሮ፣ ይቀጥል ወይም ይቁም ማለት ብቻ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብዙም አላሰበ።

"ሣህሉ፣ አንተ ትሄዳለህ" አለው።

"ምን ልሠራ?"

"ትርታ ልትቆጥር።"

"የማንን?"

"እሱን አትጠይቅ። እኔም አልጠየቅሁ።"

ሣህሉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌሎቹ ድሬሰሮች ትርታ ሲቆጥሩ ሩብ ደቂቃ ይዘው በአራት ያበዛሉ። እሱ ግን ወረፋው እስከ አጥሩ ቢደርስም ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል። "በሩብ ደቂቃ አንድ ከሳትህ፣ በደቂቃ አራት ሳትህ ማለት ነው" ይላል። በሽተኞቹ ይቀልዱበታል፤ "ይህ ሰው እጄን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?" ይባባላሉ። ያልቆጠረውን አይጽፍም፤ የጻፈውን አይሰርዝም። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በሥራው ላይ ዋሽቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበር፤ በዚህም በልቡ ይኮራል።

ጊዜው የ1970 ዓ.ም. የካቲት ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ቪላው በር ላይ ሲደርስ ክንዱ ራሱ ወጥቶ ተቀበለው። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናገር የሰው ትከሻ የሚነካ ሰው ነው።

"ና፣ ጓድ ድሬሰር። እስረኛው ጋራዡ ውስጥ ነው። ይኼ ሰውዬ እየሞተብኝ ነው ወይስ እያሾፈብኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ ፍልስፍና አልፈልግም።"

ጋራዡ የመኪና ዘይት ይሸታል። ከግድግዳው ጀርባ የሐይቁ ውኃ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። ሰውየው ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተጋድሟል፤ ወፌ ላላ ከተገረፈ በኋላ ከተሰቀለበት አውርደው የጣሉት ነው። የውስጥ እግሮቹ የእግር መልክ የላቸውም። ፊቱም አብጧል። ሣህሉ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ከፊቱ በፊት ሆዱን አወቀው።

የሰውየው እምብርት ወደ ውስጥ ተስቦ ከጎድን አጥንቱ ሥር ገብቷል። አገጩ አንገቱ ሥር ካለው ጎድጓዳ ጋር ተጋጥሟል። ምላሱ ወደ ላንቃው ተቀልብሷል፤ ይህም በጉንጩ ቅርፅ ይታወቃል። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ አድርጎ መተኛት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሣህሉ ራሱ ነው። ሌላው ጓደኛው ቢያዝን፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪው።

ሣህሉ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደገፈ። አንጓውን ያዘ፤ ሰዓቱን አየ፤ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ። አርባ አንድ። ትንፋሹን ቆጠረ፤ በደቂቃ አራት። ሊነሣ ሲል የቢያዝን አውራ ጣት የእሱን ጣት ጫን አድርጎ ለቀቀው። ዐይኑ ግን አልተከፈተም።

"ስንት ነው?" አለ ክንዱ።

"አርባ አንድ።"

"ይኼ ምን ማለት ነው?"

"የጤነኛ ሰው ስልሳም ሰባም ነው።"

"እና?"

"ዛሬ ቢቆም ይሻላል።"

ክንዱ ከንፈሩን ነከሰ፤ ደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ ከዚያ ገራፊውን በእጁ ምልክት አሰናበተው። ሣህሉ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመለስ የተናገረውን ቃል በቃል አስታወሰ። አንዱም ሐሰት አልነበረም።

ትውውቃቸው የጀመረውም በትርታ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ቢያዝን ለሥራ ቅጥር የጤና ማስረጃ ሊያወጣ መጥቶ፣ ሣህሉ እጁን ቢይዘው አርባ ስምንት ቆጠረ። ተሳሳትሁ ብሎ ደገመው። አርባ ስምንት።

"ምን ይሰማሃል?"

"ምንም። ጠዋት ጠዋት ከህንዱ ጋር እተነፍሳለሁ፤ አሁንም ወረፋ ስጠብቅ እሱን ሳደርግ ነበር።"

"ሁላችንም እንተነፍሳለን።"

"አይ፣ አንተስ የምትተነፍስ ይመስልሃል እንጂ።"

ሣህሉ በዚህ ተናድዶ፣ በማግሥቱ ሰዓቱንና ደብተሩን ይዞ ሐይቁ ዳር ሄደ። ህንዱ ሚስተር ናምቢያር የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደንገሉ በሳሳበት ዳርቻ ሰሌን አንጥፎ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። አማርኛው የተሰባበረ ቢሆንም አይፈራበትም።

"ሰው ጀርባ አጥንት ላይ ሰባት ቦታ አለ" አላቸው። "እኛ ቻክራ እንላለን። መንኮራኩር ነው። አንደኛ፣ መቀመጫ። ሁለተኛ፣ ከእምብርት በታች። ሦስተኛ፣ እምብርት። አራተኛ፣ ልብ። አምስተኛ፣ ጉሮሮ። ስድስተኛ፣ ቅንድብ መሐል። ሰባተኛ፣ አናት። ትንፋሽ ይዘህ ከታች ወደ ላይ ትወጣለህ። አንዱ ቦታ ሳይከፈት ሌላው አይከፈትም።"

"እኔ ጎንደር ስማር የሰው አስከሬን ተከፍቶ አይቻለሁ" አለ ሣህሉ። "መንኮራኩር የሚባል ነገር አላየሁም።"

"አስከሬን ይተነፍስ ነበር?"

"እንዴት ይተነፍሳል?"

"እንግዲህ አንተ የቆመ ሰዓት ከፍተህ ጊዜን ፈለግህ።"

ቢያዝን እስኪያስለው ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ከደንገሉ ማዶ ጉማሬ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ እፍፍ አለና ተመልሶ ሰጠመ። "ያ ተማሪ ከሁለታችሁ ይበልጣል" አለ ናምቢያር። ሣህሉ ሰዓቱን ያዘበት፤ ጉማሬው የወጣው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። ይህንንም ጻፈው።

ሣህሉ ቻክራ አለም የለምም ሳይል ገባበት። የሚቆጠረውን እቆጥራለሁ፣ የተሰማኝንም እንደተሰማኝ እጽፋለሁ አለ። የየቀኑ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ "ዘጠነኛ ቀን። አንደኛው ቦታ። ሙቀት ተሰማኝ፤ ምናልባት ከተቀመጥሁበት ድንጋይ።" "ሃምሳ ሁለተኛ ቀን። ሁለተኛው ቦታ። እንቅልፍ።" "ዘጠና አራተኛ ቀን። ሦስተኛው ቦታ። ንዴት፤ ምክንያቱ አይታወቅም። ቁርስ አልበላሁም።" ናምቢያር በአንድ ቦታ ላይ አርባ ቀን ሳይሞላ ወደሚቀጥለው አያሻግርም። ሣህሉ አርባው ሞልቶ፣ ሰማንያም ሞልቶ፣ ከሦስተኛው አላለፈም። ሲቀመጥ ሆዱ ውስጥ ያለው ያ ምክንያቱ የማይታወቅ ንዴት ብቻ ይጠብቀዋል።

ቢያዝን ግን ሄደ። አባቱ በአንደኛው የጣና ደሴት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም በልጅነቱ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያደገ ነው፤ ለሰዓታት ሳይነቃነቅ መቆየት አይከብደውም። አራተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱ እንደ ተኛ ሕፃን ይለሰልሳል፤ ትርታው ከስልሳ ሁለት ተነሥቶ ወደ አርባ ሁለት ይወርዳል። ሣህሉ ምክንያቱን በራሱ መንገድ ያውቀዋል፦ የተቆለፈው አገጭ የአንገቱን የደም ሥር ይጫናል፣ የተያዘው ትንፋሽ ልብን ያዘገያል። ቢሆንም ያው አገጩን ቆልፎ፣ ያው ትንፋሹን ይዞ፣ የእሱ ትርታ ከሃምሳ ስምንት በታች ወርዶ አያውቅም። በመዝገቡ ላይ "ልዩነቱ አልተብራራም" ብሎ ጽፎ ተወው።

"እዚያ ምን አለ?" ብሎ ጠይቆት ነበር።

"ምንም" አለ ቢያዝን። "ምንም የለም፤ ግን ይበቃል።"

መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ነገሩን ሰምተው አንድ ቀን ልጃቸው ቤት ሁለቱንም አስቀምጠው ጠየቋቸው። "ለመሆኑ ስም ይጠራል? የማን ስም ነው የምትጠሩት?"

"ስም የለም አባቴ" አለ ሣህሉ። "መቁጠር ብቻ ነው። እርስዎ ያዩት እንደሆን ይሰለቹታል።"

"ቁጭ ብሎ ዝም ለማለት ከህንድ አገር ድረስ ሰው አስመጣችሁ?" አሉ መሪጌታ። "እዚህ ደሴቱ ላይ አርባ ዓመት ዝም ያሉ አባቶች አሉልህ። ያውም ያለ ደመወዝ!"

ናምቢያር አንድ ሕግ ነበረው። አራተኛው ቦታ ይጣፍጣል፤ የወጣ ሰው መውረድ ይረሳል፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን አይወጣም፤ የሚያወርደው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። የሚያወርደው ቀስ ብሎ "ውረድ" ይላል፤ የወጣውም ከልብ ወደ እምብርት፣ ከእምብርት ወደ ታች፣ ቦታ በቦታ ይመለሳል፤ ትርታውም ወደ ነበረበት ከፍ ይላል። የቢያዝን አውራጅ ሁልጊዜ ሣህሉ ነበር። ናምቢያር ውሉ አልቆ በ1968 ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሁለቱ ዓባይ ማዶ ባለው የቢያዝን ቤት ቀጠሉ። ግድያው ሲጀመር ተዉት። በር ዘግተው ዝም ያሉ ሁለት ሰዎች ስብሰባ ናቸው፤ ስብሰባ ደግሞ ያስገድላል።

ቢያዝን የተያዘበትን ጉዳይ ሣህሉ የሰማው ከክንዱ አፍ ነው። ወረቀት የሚያባዛ ማሽን ከትምህርት ቤት ጠፍቷል። በማሽኑ የተባዛ ወረቀት ከተማው ውስጥ ተበትኗል። ማሽኑን አንድ ሰው በታንኳ ሐይቁን አቋርጦ ወደ ቁንዝላ አሻግሮታል፤ ቢያዝን ያንን ሰው ያውቀዋል። የሚፈለገው አንድ ስም ነው።

ሐሙስ ሣህሉ እንደገና ተጠራ። ሠላሳ ስምንት። ክንዱ ስልክ ተጠርቶ ወደ ዋናው ቤት ሲሄድ ጠባቂው በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራ ለኮሰ። ሣህሉ ቁስሉን በአዮዲን እየጠረገ ጎንበስ አለ።

"ስንት ነው?" አለ ቢያዝን ከንፈሩን ሳያላውስ።

"ሠላሳ ስምንት።"

"ከዚያም በታች እችላለሁ።"

"ተው። ውኃ የለህም፣ ደም ፈስሶሃል። ኩላሊትህ…"

"ሣህሉ፣ አራተኛው ላይ ስሆን እግሬ የእኔ አይደለም። የሚጠይቁኝም ስም እዚያ የለም። ከፈለጉም አያገኙት። ስወርድ ነው ጭንቁ። ማክሰኞ ዕለት ልናገር ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።"

ሣህሉ ፋሻውን ጠቀለለ። አእምሮው እንደ ልማዱ ይደረድር ጀመር። ክንዱ እስረኛ እንዳይሞትበት ይፈራል። ትርታው ከሠላሳ ስድስት በታች ከሆነ፣ ሆስፒታል ካልገባ ይሞታል ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሐሰትም አይሆንም። ሆስፒታል ከገባ ሳምንት ይገኛል። በሳምንት ብዙ ነገር ይለወጣል፤ መርማሪም ይቀየራል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ታየው፤ እሱንም መድፈን ፈለገ።

"ስማ። ከሠላሳ ስድስት በታች ካወረድኸው ሆስፒታል ይግባ ብዬ እጽፋለሁ። ምናልባት ጠርጥረው እንዳወርድህ እኔን ያስገድዱኝ ይሆናል። እነሱ ባሉበት ውረድ ካልሁህ እንዳትሰማኝ። ብለምንህም፣ ብጮህም አትስማ። አስገድደውኝ ነው ማለት ነው።"

"አልሰማህም።"

"ማል።"

"አባቴ ይሙት፣ አልሰማህም።" ያበጠው ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞከረ። "መቼም አንተ መዋሸት አትችልበት። እኔ ትርታውን አወርደዋለሁ፣ አንተ እውነቱን ቆጥረህ ተናገር። ሥራ ተከፋፈልን።"

ከዋናው ቤት የክንዱ ኮቴ ተሰማ። ቢያዝን አገጩን ቆለፈ።

ዓርብ ቀን ሣህሉ የሆስፒታል መላኪያውን ወረቀት ጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ አዘጋጀ። ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ክፍት ተወው። ያልቆጠረውን አይጽፍማ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ጠሩት። ቢያዝንን ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ጊዜ ገርፈውታል። ሣህሉ አንጓውን ይዞ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ፤ ከዚያ ሌላ ሙሉ ደቂቃ። ሠላሳ አራት። መሐል መሐል ላይ አንድ ምት ይዘልላል። ይህ መዝለል ድሮ በመዝገቡ ላይ አልነበረም። እምብርቱ እንደ ወትሮው ተስቧል፣ አገጩ ተቆልፏል፤ የሣህሉን ጣት ጫን አደረገው። ሣህሉ ግን ከሠላሳ አራቱ ውስጥ ስንቱ የአራተኛው ቦታ፣ ስንቱ የሞት እንደሆነ መለየት አቃተው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረው ቁጥር ምን እንደሆነ አላወቀም።

ክንዱን ተከትሎ ወደ ዋናው ቤት ሳሎን ገባ። የነጋዴው የሠርግ ፎቶግራፍ ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ንጣት ይታያል።

"ሠላሳ አራት ነው" አለ። "ምቱም ይዘልላል። አንድ ዱላ አይጨምርም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው።" የመላኪያውን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ክንዱ ወረቀቱን አላየውም። "ሁለት ቀን" አለ ለራሱ። "ማለት ሰኞ።" ከደረት ኪሱ የተጣጠፈችውን ደብዳቤ አወጣ። "ይኼን ታውቃለህ? ሁለት ሞቱብህ ተብዬ የደረሰኝ ነው። ሰኞ ሦስተኛው ሊሞትብኝ ነው። ሆስፒታል ብልከው አልጋው ላይ ሞቶ ያው በኔ ስም ይመዘገባል። ሳይናገር ሞተ ይባላል።"

"ሆስፒታል ከገባ እኮ ሊድን…"

"ይናገራል? አይናገርም። እግሩ አልቆ ያልተናገረ ሰው ፍራሽ ላይ ተኝቶ ይናገራል?" ክንዱ መሳቢያውን ሳበ። አንድ ቅጠል ወረቀት አወጣ፤ በመኪና የተጻፉ ስሞች አሉበት። "ይኼ እርምጃ የተወሰነባቸው ዝርዝር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እዚህ ላይ የገባ ሰው አልሞተብኝም። በውሳኔ ነው የሚሄደው። ገባህ?" እስክሪብቶውን ከፍቶ ከስሞቹ ግርጌ "ቢያዝን" ብሎ ጻፈ። "ተባረክ፣ ጓድ ድሬሰር። ዛሬ ባትነግረኝ ሰኞ ጉድ ሆኜ ነበር።"

ሣህሉ የደረደረው ሁሉ ትክክል ነበር። ሰውየው የእስረኛ ሞት ይፈራል ብሎ ነበር፤ ይፈራል። ያልደረደረው፣ የፈራ ሰው የሚያመልጥበትን መውጫ ነው።

"ቆይ፣ ጓድ ክንዱ።"

"ምን?"

"እየሞተ አይደለም።"

ክንዱ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና አለ።

"ትርታውን የሚያወርደው ራሱ ነው" አለ ሣህሉ። የራሱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማው። "ትንፋሽ አያያዝ አለ፣ ከአንድ ህንድ የተማርነው። እኔም አብሬ ተምሬያለሁ። እንዲያ ሲያደርግ ትርታው ይወርዳል እንጂ ጤነኛ ነው። ልቡ ደኅና ነው። ሊቆይ ይችላል።" እየተናገረ ሳለ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባው። ጓደኛውን ወደ ጋራዡ፣ ወደ ዱላው፣ ወደዚያ ስም እየመለሰው ነው። ዝም ቢል ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል።

ክንዱ እስክሪብቶውን ከደነ። ከዚያ ሳቀ። "ከህንድ!" አለ። "በል እሺ። እኔ አእምሮዬ ክፍት ነው። ና እንሂድ። ይተወውና ትርታው ከፍ ሲል ልይ። ከፍ ካለ ስሙን እሰርዛለሁ።"

ጋራዡ ውስጥ ሣህሉ በቀኝ፣ ክንዱ በግራ ተንበረከኩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እጅ ያዙ። ክንዱ ሰዓቱን አየ።

"በለው።"

"ቢያዝን" አለ ሣህሉ። "ውረድ።"

የቢያዝን አንድ ዐይን ተከፈተ። ሣህሉን አየ፤ ከዚያ በግራው የተንበረከከውን ክንዱን አየ። ዐይኑ ተከደነ። እምብርቱ የበለጠ ገባ፤ አገጩ የበለጠ ተጫነ።

"ውረድ ቢያዝን። የእውነቴን ነው። ያን ያልሁህን ተወው። ውረድ!"

ከሣህሉ ጣት ሥር ያለው ምት ራቀ። አንዱ መጥቶ ሌላው እስኪመጣ በመሐሉ አንድ ሙሉ ቃል ይነገርበታል። ሣህሉ የሚናገረውን ፈለገ። የሚለምንበት ቃል ሁሉ፣ የሚጮህበት ድምፅ ሁሉ፣ ሐሙስ ዕለት ራሱ አስቀድሞ የከለከለው ነበር። በትከሻው ይዞ ነቀነቀው፤ ስሙን ጮኾ ጠራው፤ "በአባትህ!" አለው። የቢያዝን አውራ ጣት የሣህሉን ጣት ጫን አደረገው፤ አይዞህ፣ ገብቶኛል እንደማለት። ከዚያ ለቀቀው።

"ሃያ ዘጠኝ ቆጠርኩ" አለ ክንዱ ደቂቃው ሲሞላ። "አንተስ?"

ሣህሉም ሃያ ዘጠኝ ነበር የቆጠረው።

ክንዱ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። ውጭ ከወጡ በኋላ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። "አዘንክለት" አለው፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። "ሰው ነህ፣ ይገባኛል። ስሙን ስጽፍ ጊዜ ደነገጥክና ያችን የህንድ ተረት ፈጠርክ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እሱንም ከሥሩ እጽፈው ነበር። ግን እንደ አንተ የሚቆጥር ሰው ከየት አመጣለሁ? ማክሰኞ በሰዓትህ ና።"

እሑድ ጠዋት ቢያዝንን ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ወሰዱት። መራመድ ስለማይችል ሁለት ሰዎች በብብቱ ደግፈው መኪናው ላይ ጫኑት። ይህን ለሣህሉ የነገረው ጠባቂው ነው፤ ማክሰኞ፣ እንደተባለው በሰዓቱ ሲሄድ።

ረቡዕ ዕለት የብርጓል፣ የቢያዝን ሚስት፣ ጤና ጣቢያው ወረፋ ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። ጥቁር አልለበሰችም፤ መልበስ ተከልክሏል። ተራዋ ሲደርስ ገብታ ከፊቱ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"እሑድ ስንቅ ይዤ ብሄድ ሳህኑን ከነምግቡ መለሱልኝ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንተ እዚያ ትገባ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ምን ልትሠራ?"

"ትርታ ልቆጥር።"

"የእሱን?"

"የእሱንም።"

የብርጓል ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ "ምን አስቆያቸው?" ትላለች።

"አውቆህ ነበር?"

"አውቆኝ ነበር።"

"እስከ መጨረሻው?"

"ቅዳሜ ድረስ። እጄን ጫን ያደርገው ነበር።"

ትከሻዋ ወረደ። ከእሑድ ወዲህ ሳትተነፍስ የቆየች ይመስል ረጅም ትንፋሽ ወጣት።

"እኔ እኮ" አለች፣ "የሚያውቀው ፊት አጥቶ፣ ብቻውን ፈርቶ ነው የሞተው ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አንተ ከጎኑ ከነበርህማ አልፈራም። መቼም ከአንተ የሚያምነው ሰው አልነበረውም።"

ሣህሉ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሁሉንም እንዳለ፣ ከሐሙሱ መሐላ ጀምሮ፣ በቅደም ተከተል።

"አዎ" አላት። "ያምነኝ ነበር።"